አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት

ቁጥሩ አሥራ አምስትን ያልፋል። የጥራት መርማሪዋ ሩሃማ «ኧረ በቃህ!» ትለዋለች የእርጥበት መለኪያውን፤ እሱ ግን ማንንም አይሰማም። የሰጠችውን ቁንጣሪ የበቆሎ ስታርች እያሞቀ፣ የወጣውን ውሃ እያሰላ፣ አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት ላይ ሲደርስ ጢጥ ብሎ ይቆማል።

ከሦስት ጆንያ ወሰደች፤ ሦስቱም ያው። ለክኒን ማያያዣ የሚሆን ስታርች ከአሥራ አምስት በመቶ በላይ እርጥበት ከያዘ የመድኃኒት ፋብሪካው አይቀበልም። የአምበር ሴቶች ማኅበር ያለፈው ጭነት ተመልሶበታል። ይሄም ከተመለሰ የሚቀራቸው አንድ ዕድል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውል የለም።

የሚያናድደው ደግሞ ሐሙስ ዕለት ራሷ አምበር ድረስ ሄዳ፣ በዚሁ መለኪያ አሥራ ሦስት አግኝታ እልል አስብላቸዋለች። አሁን በምን ዓይኗ ልታያቸው ነው?

መቀመጡም መቆሙም አልሆን ሲላት ትወጣለች። የማኅበሩ ሊቀመንበር እማማ ወለተ ኪዳን ዛሬ ጠዋት ጭነቱን ይዘው ደብረ ማርቆስ የገቡ ናቸው፤ ደጅ ላይ ከጆንያዎቹ አጠገብ ቆመዋል።

«እማማ፣ ዝናብ ነክቶት ነበር እንዴ?»

«ምን በወጣው! በላስቲክ ጠቅልለን፣ ከመሬት አንሥተን አይደል ያሳደርነው!»

«የከፈተው ሰውስ የለም?»

«ማን ይከፍተዋል? ስንጭን ብቻ ጆንያውን ሁሉ ፈታትተን ቄስ ታዲዮስን ጠበል አስረጨናቸው። ለሕመምተኛ የሚሄድ ነገር ሳይባረክ ይወጣል እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

የሴትዮዋ ፊት በኩራት በርቷል፤ እንዲህ ላለ ሰው ያበላሸው ጠበሉ ነው ይባላል?

«ታዲያ ምነው? አላለፈም?» ይላሉ እማማ፣ ፊቷን አይተው።

«አላለፈም። ክረምቱ ነው መሰለኝ… አየሩ» ትላለች፤ ባለችውም ታፍራለች።

እማማ ወለተ ኪዳን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠራርጋሉ። ሩሃማም ከፊታቸው ለመሸሽ ወደ በሩ ትዞራለች።

«እኔስ ቄሱን ለቀቅ አድርገው ይርጩ ብያቸው ነበር» ይላሉ ከኋላዋ፣ ድምፃቸው እንደመበርታት ብሎ። «ሳሱብን። በሚቀጥለው አንድ ገንቦ ሙሉ ነው የማስረጨው!»

ሩሃማ ትቆማለች። ተመልሳም ክንዳቸውን ትይዛለች።

«እማማ» ትላለች፣ «እስቲ አረፍ ይበሉ። ስለ ጠበሉ የምነግርዎ ነገር አለ።»