እጅጌ ላይ የቀረ ረቂቅ

መምህሩ የልብስ ሰፊዋን ተማሪ የእንግሊዝኛ ድርሰት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለተማሪው ሁሉ አሳየ። አንዱን ዓረፍተ ነገር በቀይ አስምሮበት ከግርጌው «የሌላ ሰው ሥራ ነው» ብሎ ጽፎበታል። «ረቂቅ ያላያያዘ ዜሮ ያገኛል ብያለሁ። የእርስዎ የታለ?» አላት። እንዲህ ልትጽፍ አትችልም ብሎ የፈረደባት ገና ልብስ ሰፊ መሆኗን የሰማ ዕለት ነበር። ዜሮ ካገኘች ደግሞ ከኮሌጁ መሰናበቷ ነው።

«ስቴፕለር አልይዘው አለኝ እንጂ ረቂቅስ አለኝ» አለችና ሸሚዝ የምትለካባቸውን ቡናማ ወረቀቶች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። «መጀመሪያ እጽፍበታለሁ፤ ከዚያ ለልክ እቆርጠዋለሁ።»

«እትዬ፣ ድርሰት ነው ሸሚዝ?» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ።

«አንተ መጀመሪያ ቁልፍህን አስተካክለህ ቆልፍ!» አለችው ዞር ሳትል። ጀርባውን፣ ኮሌታውንና እጅጌውን ሳይቆረጡ በፊት እንደነበሩት መልሳ ገጣጠመቻቸው። የተቆራረጡት መስመሮች ተገናኙ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ አነበበ። በቀይ ያሰመረበት ዓረፍተ ነገር እጅጌው ላይ ሰባት ጊዜ ተጽፎ ሰባት ጊዜ ተሰርዟል፤ ስምንተኛው ብቻ ሳይነካ ቀርቷል።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። መምህሩ የራሱን ፍርድ ሰረዘና ከጎኑ «ሙሉ ውጤት» ብሎ ጻፈ። ስርዙን በነጭ ማጥፊያ ሊሸፍነው ሲል ግን ልብስ ሰፊዋ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

«ይተዉት፣ መምህር» አለች። «ረቂቅ ማያያዝ ግዴታ ነው ብለዋል።»