የቀትር ጉርሻ

ዓይነ ስውር ነኝ። ከደርግ ሸሽተን ናይሮቢ ከገባን ወዲህ የምኖረው ኢስትሊ በሚባል ሰፈር፣ ወንድሜ በተከራየው ክፍል ነው። ወንድሜ ሲሞት ከሚስቱ ከብርነሽ እጅ ወደቅሁ። እሷ የምታድረው ሱቋ ውስጥ ነው፤ እኔን ከውጭ ትቆልፍብኛለች። ብጣራ ትመታኛለች፤ ስለዚህ መጣራት ትቻለሁ።

ቀትር ላይ፣ የማታቱ ታክሲ ረዳቶች መንገዱን በጩኸት ሲያናውጡት፣ መጥታ ታጎርሰኛለች። ድሮ እየሰደበችኝ ነበር። ሰሞኑን ግን ቃል አይወጣትም። ቁልፉ ሲከፈትም አልሰማም፤ ጆሮዬም ሊከዳኝ ነው መሰለኝ። እጇ ለስልሷል፤ ከንፈሬን ይቧጭረኝ የነበረው ቀለበቷም የለም። ሸጣው ይሆናል ብዬ አልጠየቅኋትም። ዝምታዋ ከዱላዋ ይልቅ ያስፈራኛል።

ዛሬ ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ።

«ማርያ! አለሽ እንዴ?» የቤተ ክርስቲያናችን ሰው እትዬ ጸሃይቱ ናቸው።

«አለሁ፣ እትዬ» አልኩ በቀስታ፣ ብርነሽ ደርሳ እንዳትሰማኝ።

«እመቤቴ ማርያም! በሕይወት አለሽ?» በሩን ደጋግመው ገፉት። «ብርነሽ እኮ ሞምባሳ ለዕቃ እንደሄደች መኪና ገጭቷት ሞተች። ከተቀበረች ወር አለፋት! አንቺን ዘመድ ጋ አስቀምጣሽ የሄደች መስሎን ነበር፤ ዛሬ ዘመዶችሽ እኛ ጋ የለችም ሲሉኝ መጣሁ። ቆይ፣ በሩን የሚሰብር ሰው ልጥራ… ግን ልጄ፣ ያለ እህል ውሃ እንዴት ሰነበትሽ?»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት፣ ለስላሳው እጅ አጎረሰኝ።