የዋሻው ምርጫ

ባሕሩ ዳሎልን ከዋጠ ወዲህ የዳርቻው ዋሻ የሞተ ሰው ድምፅ ያሰማል። ጠያቂው በምላሹ አንድ ቃል ይተውለታል፤ ያ ቃል ዳግመኛ ከአፉ አይወጣም። አስካለ የባሏን ድምፅ ለመስማት «ጨው» የሚለውን ከተወች ወዲህ፣ ማጀት ውስጥ «ያንን ነጩን አቀብዪኝ» ትላለች።

«እትዬ አስካለ፣ ባለፈው ዋሻውን ‹ማንኪያ› ቢሉት ዝም አለዎት» አለ ጀልበኛው ሁመድ። «የሚወዱትን ቃል ነው የሚፈልገው። የሐመልማልን ስም ብቻ እንዳይነኩ!»

«የልጄን? ሞኝ መሰልኩህ?»

ሁመድ ጀልባዋን ዋሻው አፍ አድርሶ ሞተሩን አጠፋ። አስካለ ወደ ጨለማው ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። የባሏ ድምፅ ወዲያው መጣ፤ «አስካል፣ ወጡ ጨው አንሶታል።»

ቤት ስትደርስ ልጇ በር ከፈተችላት። «አባዬ ምን አለ?»

«ያ ነጩ አንሶታል አለ» ብላ ሳቀች። «ነይ እንግባ፣ አንቺ...»

ሐመልማል ስሟ እስኪጠራ በሩን ይዛ ቆመች።