የአባዬ እሺታ

ከአቧራው ዘመን ወዲህ የማንም ሰው ደረት በራሱ ጉልበት አይነሳም። ጎድናችንን ከፈት አድርጎ አየር የሚያስገባልን ደረታችን ላይ የምንታጠቀው መታጠቂያ ነው። መቆጣጠሪያውን ደግሞ የቤት ሰው ይይዝልናል፤ የአባዬን እኔ፣ የእኔን አባዬ።

እሁድ ጠዋት ፍቅረኛዬ ናሆም የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች እኔን ለትዳር ሊጠይቁ መጡ። አባዬ «ዘመድ ላማክር» እያለ ዓመት ሙሉ ሊያመላልሳቸው እንዳሰበ አውቃለሁ። ስለዚህ መቆጣጠሪያውን ይዤ ጓዳ በር ላይ ቆምኩ።

«ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ይርዳው፣ እንደ ደንቡ በቁማቸው።

አባዬ «እንግዲህ ዘመድ...» ብሎ ሲጀምር መታጠቂያውን ዳገት ስንወጣ በምንጠቀምበት ፍጥነት ላይ አደረግኩት። ጎድኑ ተከፈተ፣ ሆዱ ወደ ፊት ተገፋ፣ አየሩ ባንዴ ገባ። አባዬ «ህእ» አለ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ።

እንዲህ ትንፋሹን የሳበ ሰው ደግሞ አዎ ብሏል። ሽማግሌዎቹ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ተቀመጡ።

አባዬ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ ያስፈራኝም አለመቆጣቱ ነው።

«ቃሌን አላጥፍም» አለ። «ግን መታጠቂያዬን የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። ከሰርጉም በኋላ እዚሁ ከእኔ ጋር ይኑሩ። እስቲ ራሷን ጠይቋት።»

ጠሩኝና ወጣሁ። «ትስማሚያለሽ ወይ ልጄ?» አሉኝ ጋሽ ይርዳው።

ከናሆም ጋር የምንኖርበትን ቤት ሐዋሳ አይተን ጨርሰናል። እምቢ ልል አፌን ስከፍት የአባዬ እጅ ኪሱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ደረቴ ያለ ፈቃዴ ብድግ አለ፤ ሽማግሌዎቹም ደስ ብሏቸው መረቁኝ።