ፕላስቲኩ ያልወለቀለት ማይክሮስኮፕ

«ኧረ አትንኪው! ገና ፕላስቲኩ እንኳ አልወለቀም!»

እንዲህ ብሎ የጮኸው የሻው ነው... የትምህርት ቤታችን የቤተ ሙከራ ኃላፊ።

የተጮኸባት ደግሞ ሀፊዛ ናት... ከላሊበላ ወጣ ብሎ ብልባላ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ። እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። እዚህ ላሊበላ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይሄን ገጽ የምጽፍላችሁም እኔው ነኝ።

ማይክሮስኮፑ በእርዳታ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። የሻው በየሳምንቱ አቧራውን ይጠርጋል... የፕላስቲኩን አቧራ ማለቴ ነው።

ተማሪ አይቶበት አያውቅም። በመስኮት ግን ሁሉም አይቶታል...

ሀፊዛ አልተናደደችም። ከቦርሳዋ ትንሽ ሳጥን አወጣች።

«ጋሼ የሻው፣ ይሄ የአስራ አራት ሰው ደም ነው። መስታወት ላይ ቀብቼ፣ ቀለም ውስጥ ነክሬ አድርቄዋለሁ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው ሲባል በሳምንቱ ይመለሳል። ሁሉም ታይፎይድ ነው ተብሎ ኪኒን ይውጣል... እኔ ግን የግርሻ ትኩሳት ይመስለኛል፣ በቅማል የሚተላለፈው። የእኛ ማይክሮስኮፕ ተሰብሯል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ያሠሩኝ። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ጓደኞቼም ጥናቱን አብረን እንሥራው ብለዋል...»

«እህቴ፣ በስሜ የተፈረመ ንብረት ነው። ሌንሱ ቢጫር ማን ሊጠየቅ ነው? አንቺ?»

አባ ገብረ ዮሐንስ አብረዋት መጥተዋል። ከታመሙት ሁለቱ የእሳቸው የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ነገር ትኩር ብለው አዩት።

«ልጄ የሻው... ታቦት እንኳ እኮ ለጥምቀት ይወጣል።»

የሻው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ያንን ሳቄን ዛሬም አልረሳሁትም...

«እንግዲህ ደብዳቤ ታምጣ አባ። በደብዳቤ ከሆነ እናያለን።»

ደብዳቤው ተጻፈ። የሆነ ቢሮ ገባ... እንደገባ ቀረ።

ሀፊዛ በዚያ በመጀመሪያው ቀን ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ትታው ነበር የወጣችው።

«ፈቃዱ ሲመጣ እመለሳለሁ። ብቻ አይርሱት ጋሼ... ሰዎች ናቸው።»

የሻው ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና በሩን ቆለፈ።

ይህ የሆነው ጥቅምት 5 ነው።

ጥቅምት 27 የየሻው እናት አረፉ።

እማማ ወለላ የሚኖሩት ብልባላ ነበር። «ልጄ ሥራ ላይ ነው፣ አታስጨንቁት» እያሉ መታመማቸውን እንኳ አላስነገሩትም።

ለቅሶ ሄድን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ሀፊዛ ገባች። የሻውን ከሐዘንተኞቹ መሀል ስታየው ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ጋሼ... እናትዎ ናቸው?»

«እናቴ ናት። ምነው?»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ወላሂ አላወቅሁም... ወላሂ! ደማቸውን ወስጄ ነበር። እርስዎ ጋ ነው ያለው ጋሼ... ሳጥኑ ውስጥ።»



በአራተኛው ቀን የሻው ቤተ ሙከራውን ከፈተው። ሀፊዛና እኔ ከኋላው ቆመናል።

አራት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ፕላስቲክ በጥርሱ ቀደደው...

ሳጥኑ ውስጥ የስም ዝርዝር አለ። ተራ ቁጥር አስራ አራት... «ወለላ ኪዳን፣ 61 ዓመት፣ ብልባላ።»

ሀፊዛ መስታወቷን አስቀምጣ አጎነበሰች። ብዙ ቆየች።

«ግርሻ ነው» አለች።

«ትድን ነበር?»

ሀፊዛ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም።

«ሀፊዛ... ትድን ነበር ወይ?»

«በጊዜው ቢታወቅ... አዎ። መድኃኒቱ እኛ ጋ ነበር።»

የሻው አላለቀሰም። ወንበሩን ሳበና «እንዴት ነው የሚታየው? አሳይኝ» አላት።

በዚያ መሣሪያ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና... ዛሬ ቤተ ሙከራው ማክሰኞና ቅዳሜ ለፈለገው ሁሉ ክፍት ነው። ሀፊዛ ናሙና ይዛ ትመጣለች። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ኬሚካሉን ያመጣሉ። ጥናቱ ተጀምሯል። የአባ ተማሪዎች ታክመው ድነዋል፣ የእኛም ተማሪዎች ተራ ገብተው እያዩበት ነው።

የሻው ግን በየጠዋቱ ከሁሉም ቀድሞ ይገባል።

አስራ አራተኛዋን መስታወት ያስቀምጣል። ያያል።

አንዳንዴ ሲያወራ እሰማዋለሁ... «እማ፣ ዛሬም ከፍቼዋለሁ» ይላል።

አሁን ኮመንት ላይ የሻውን ልትሰድቡት ነው አይደል?

ቆይ... አንድ ነገር አልነገርኳችሁም።

የዚያ ቤተ ሙከራ ቁልፍ ሁለት ነው።

አንዱ የሻው ጋ ነው... ሁለተኛው የባዮሎጂ አስተማሪው ጋ።

እኔ ጋ።

ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። በማይክሮስኮፕ ማየት ተምሬያለሁ፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ሀፊዛን ጠርቼ «ነይ ግቢ» ማለትም እችል ነበር። «የሰው ሥራ ውስጥ ምን አስገባኝ፣ የሻው ይቀየመኛል» ብዬ ተውኩት።

ይሉኝታ...

ቁልፉ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው። ከሌሎቹ ጋር ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር እማማ ወለላ በር የሚያንኳኩ ይመስለኛል።

የሻው ስለ ቁልፉ ያውቃል። አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር...

ከዚህ የተማርኩት፦ እኛ ቆልፈን ያስቀመጥነው ዕቃ የሌላ ሰው ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ይዞ ዝም ያለም አብሮ ቆልፏል።

እስኪ ንገሩኝ... እናንተ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ፕላስቲኩ ያልወለቀ ምን አለ?

ሁለተኛው ቁልፍስ ማን ጋ ነው?