የመምህርቷ ተማሪ

ልጆች አፍ ከሚፈቱበት ጊዜ ጀምሮ በየቤቱ ስክሪን የምታስተምረዋን የቪዲዮ መምህርት እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰሙ ከተደነገገ ወዲህ፣ ወይንሸት ልጇን የምታናግረው በእጇ ምልክት ነው። የግድግዳው ስክሪን አንዲት የአማርኛ ቃል ከሰማ ልጇ ሶልያና ከአንደኛ ክፍል ምዝገባ ትሰረዛለች።

ዛሬ ሶልያና በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። እያለቀሰች በእንግሊዝኛ ትለምናለች፤ ወይንሸት ቋንቋውን አታውቅም፤ መምህርቷ ደግሞ ፈገግ ብላ ቀለማት ታስተምራለች።

ባሏ ወይንሸትን ወደ ጓዳ ጎተታት። "አደራሽን፣ አፍሽን እንዳትከፍቺ" አለ በሹክሹክታ። "የስንት ዓመት ልፋታችንን ገደል ልትከቺው ነው?"

"የት ጋ እንደሚያማት ሳላውቅ ትሙትልህ?"

ተመልሳ አልጋው ሥር ተንበረከከች። "የት ጋ ነው የሚያምሽ፣ እናቴ? ንገሪኝ።"

ሶልያና ለቅሶዋን አቋርጣ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያም ሴትዮዋ ምን እንዳለቻት እንድትነግራት ወደ መምህርቷ ዞረች።