የአባት ጫማ

ሲጣሉ ቆይተው ባሏ «ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ብሎ ሲነሳ፣ የቀኝ እግር ጫማውን ቀድማው አንስታ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። «በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ልሂድልሽ?» አላት። እሷ ግን በዚያ በር ከወጣ የሚመለስ አልመሰላትም።

የሥነ ልቦና ሐኪሟ ያለቻትን አስታወሰች፦ «እናትሽ ጥላሽ ስትሄድ ሕፃን ነበርሽ። ሰው ከቤት በወጣ ቁጥር አእምሮሽ ያኔ የተማረውን ፍርሃት ይቀሰቅሰዋል። የሄደ ሰው ሲመለስ ደጋግሞ ካየ ግን፣ ቀስ በቀስ ሌላ ይማራል።»

«ትመለሳለህ?»

«እስከ መንገዱ ዳር ነው፣ እመቤቴ። የት እጠፋለሁ?»

ጣቶቿን እንደ ምንም አላቅቃ ጫማውን ሰጠችው።

የግራው ግን ከቦታው አልነበረም። «እኔ እንጃ፣ አልነካሁትም» አለች፤ እውነቷን ነበር። ባሏ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ፣ ትንሿ ልጃቸው ልክ እንደ እናቷ ጫማውን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቆማ ነበር።

«አልሰጥም» አለች። «ከወጣ አይመለስም።»

እናትየዋ ተንበረከከችና «ይመለሳል፣ የኔ እናት» አለቻት። ድምፅዋ ግን ተንቀጠቀጠ፤ ልጅቷም ጫማውን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው።